ከሌለው ወፍጮ ቤት ወደ ግራ

ከተማ እየሰፋ በሄደበት አገር ሁሉ፣ በየሰፈሩ አንድ ሰው አይጠፋም፤ መንገድ ስትጠይቁት የሌለ ነገር የሚጠቁማችሁ። «ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርሱ ወደ ግራ ታጠፉ» ይላችኋል። ወፍጮ ቤቱ የፈረሰ ዕለት የተወለደ ልጅ ዛሬ ራሱ የልጆች አባት ነው። ሰውየው ግን መፍረሱን አልሰማም፤ ቢሰማም አልተቀበለም። በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ሰው የለም የምትሉ ካላችሁ፣ አንድም ሰፈራችሁ ትናንት የተሠራ ነው፣ አንድም ሰውየው እናንተው ናችሁ።

የእኛው ሰው እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ እኛ ግን ጋሽ ካርታ ነው የምንላቸው። እኔ በልቤ ማዕረግ ጨምሬላቸዋለሁ፦ ክቡር የጠፋው አገር ባላባት፣ የደረቀው ምንጭ ጠባቂ፣ የፈረሰው ድልድይ ሹም። በአፌ ግን ብያቸው አላውቅም። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም፤ ወረቀት ይሻለኛል። እሳቸው ደግሞ እኔን «አንቺ ልጅ» ይሉኛል። ጥርሶቼን ማታ ማታ አውልቄ ብርጭቆ ውስጥ የማሳድር ሴት ነኝ። በምድር ላይ «ልጅ» የሚለኝ የቀረኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

በሥራ ዘመናቸው የእርሻ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ ወደ አዲስ ሕንፃ ሲዛወር፣ የድሮ ካርታዎች አንድ እግሩ ከተሰበረ ወንበር ጋር ጓሮ ተጥለው አገኙ። አንዱ ባልደረባቸው ወንበሩን ወሰደ፤ እሳቸው ካርታዎቹን ወሰዱ። ባለቤታቸው እስከ ዛሬ «ወንበሩ ይሻል ነበር» ይላሉ።

ካርታዎቹ ሦስት ናቸው። ሦስቱም ይህንኑ አካባቢ ያሳያሉ፤ የተሠሩበት ዘመን ነው የሚለያየው። ጋሽ ካርታ ስም አውጥተውላቸዋል፦ አያት፣ አባት እና ዱርዬው። አያት ላይ ከተማዋ በስተቀኝ ጥግ የጣት ጥፍር ታክላለች፤ የቀረው ሁሉ ማሳ፣ ጅረት፣ ዛፍና እንደ ጣት አሻራ የተጠማዘዘ የዳገት መስመር ነው። አባት ላይ መዳፍ አክላለች። ዱርዬው ላይ ደግሞ እንደ ተደፋ ሻይ ተዛምታ አፍንጫችን ሥር ደርሳለች። ከዚያ ወዲህ የወጣ ካርታ ይኑር አይኑር ጋሽ ካርታ ጠይቀው አያውቁም። ያዩት ይበቃቸዋል።

ካርታ ማንበብ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ትምህርቱ አጭር ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ ይዞታል። «ቡናማ ዳገት ነው። አረንጓዴ ዛፍ ነው። ሰማያዊ ውኃ ነው። ጥቁር የሰው እጅ ነው።» የሰው እጅ የሚሉት ቤቱን፣ ድልድዩን፣ መንገዱን ነው። እያንዳንዱ ቤት ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ ጥቁር ነጥብ ነው። «አውሮፕላን በላያችን አልፎ ፎቶ አነሣ፤ ያየውን ጻፈ፣ ያላየውን አልጻፈም» ይላሉ።

እርሳስ ይዞ ወደ ካርታው የተጠጋ ግን ወዮለት። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ አንድ ጊዜ አንድ ቦታ ለማመልከት ብሎ ከጆሮው ላይ እርሳሱን ቢያነሣ፣ «እጅህን!» ብለው እንዴት እንደጮኹ! ባለቤታቸው እባብ የገባ መስሏቸው አልጋ ላይ ወጡ።

«ካርታ ላይ አይጻፍም! ካርታ አይዋሽም፤ የምትዋሸው ከተማዋ ናት!»

ይህን ሁሉ የማወራው በታላቅ እህቴ ምክንያት ነው። እህቴ የምትኖረው ሩቅ ነው። ከዚህ የሄደችው በልጅነቷ ተድራ፣ ማሳው ማሳ፣ ጅረቱ ጅረት ሳለ ነው። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም። በቅርቡ ደወለችልኝ።

«ጉልበቴን ለመታከም እመጣለሁ። ከሐኪሙ በፊት ግን እናታችን ቤት ትወስጂኛለሽ።»

«እትዬ፣ ቤቱ እኮ ፈርሷል።»

«መፍረሱን ነግረሽኛል። ቦታውም ፈረሰ እንዴ? ደጃፋችን የነበረበት ላይ አንዴ ልቁም ነው ያልኩሽ።»

«እሺ እትዬ።»

«አታጪውም አይደል? እዚያው አይደለሽ የምትኖሪው?»

«አገኘዋለሁ እትዬ።»

«ይኼ ጉልበት ከዚህ በኋላ ሌላ ጉዞ አይሸከምም። አሁን ካላየሁት አላየውም። እንግዲህ ነግሬሻለሁ።»

እሺ ማለት ልማዴ ነው። ችግሩ፣ ቦታውን አላውቀውም። ቤታችን ሲፈርስ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ማሳው ተሸነሸነ፣ አስፋልቱ መጣ፣ ፎቅ በፎቅ ላይ ተነባበረ። ከዚያ ሰፈር ርቄ አልሄድኩም፤ በየሳምንቱ አስቤዛ ይዤ የማልፈው በአባቴ እርሻ ላይ ሊሆን ይችላል። ግን ቆሜ ዙሪያዬን ሳይ ሁሉም ግድግዳ ነው። ግድግዳ ደግሞ ስም አይናገርም።

ማንን ልጠይቅ? መልሱ ግልጽ ነው። ግን ጋሽ ካርታን መንገድ የጠየቀ ምን እንደሚገጥመው ስለማውቅ፣ በራቸውን ስንት ጊዜ አልፌ ተመለስኩ።

ለምሳሌ የፍሪጁን ነገር ላንሣ። ጎረቤታችን የገዛውን ፍሪጅ የጫነ ሾፌር መንገድ ጠየቃቸው።

«ቀጥ ብለህ ሂድ። ጅረቱን እንደተሻገርክ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ ወደ ግራ።»

«የቱ ጅረት፣ አባቴ?»

«እግርህ ሥር ያለው።»

ሾፌሩ እግሩን አየ። አስፋልት ነው።

«ቧንቧ ውስጥ ከተውት እንጂ አለ። ጆሮህን ደፍተህ ስማው።»

ሾፌሩ ምን እንደነካው እንጃ፣ በርከክ ብሎ ጆሮውን አስፋልቱ ላይ ለጠፈ። ከኋላው የቆሙት መኪኖች ጡሩምባቸውን ያንባርቃሉ። «ሰማሁት!» አለ ፊቱ በርቶ። ጅረቱን ሰማ፤ ቤቱን ግን አላገኘም። ፍሪጁ አንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ወረደ። ሐኪሙም ማን ላከው ሳይል አመስግኖ ተቀበለ።

ሠርጉንማ ተዉት። የልብስ ሰፊው ልጅ ስታገባ ዋናው መንገድ ለጥገና ተዘግቶ ነበር። ጋሽ ካርታ ከሙሽሮቹ ሾፌር ጎን ጉብ አሉና «አቋራጭ አለ» አሉ። አያት ላይ በነጠብጣብ የተሠመረ የከብት መንገድ አለ፤ እውነት ነው፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከብቶቹ ካለፉ ግን ብዙ ዘመን ሆኗል። አጀቡ ሁሉ ጡሩምባውን እየነፋ ተከተላቸውና ብሎኬት ማምረቻ ግቢ ውስጥ ገብቶ ቀጥ አለ። ወደፊት ግድግዳ፣ ወደኋላ አጀብ።

የሙሽራው አጎት ወርደው «ሰውዬ፣ የት አመጡን?» አሏቸው።

«እኛ ልክ ነን» አሉ ጋሽ ካርታ። «ቦታውን የሳተው ብሎኬቱ ነው።»

ሙሽሮቹ የሠርጋቸውን ፎቶ እዚያው፣ በተደረደረው ብሎኬት ፊት ተነሡ። ፎቶው ዛሬ ልብስ ሰፊው ሱቅ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ያየው ሁሉ «ምነው፣ ቤቱ እስኪያልቅ አይጠብቁም ነበር?» ይላል። ልብስ ሰፊው ከጋሽ ካርታ ጋር ተኳርፎ ከረመ። ኋላ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ የአያቱን ቤት ካርታው ላይ አገኙለትና ታረቁ። አሁን ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውን ሁሉ «የአያቴ ቤት እኮ ካርታ ላይ አለ!» ሳይለው አይለካውም።

ፀጉር ሠሪዋ ደግሞ አለች። ዝናብ በጣለ ቁጥር ቤቷ ውኃ ይገባል። ሌላው ጎረቤት ባልዲና መጥረጊያ ይዞ ሲሮጥላት፣ ጋሽ ካርታ አያትን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ጃንጥላ ዘርግተው ይሮጣሉ።

«እንኳን ደስ አለሽ!» አሏት አንድ ቀን፣ በሩ ላይ ቆመው።

«ምኑ ነው ደስታው፣ ጋሼ?» ቁርጭምጭሚቷ ውኃ ውስጥ ነው። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ያለችው ደንበኛ ሁለት እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ትንቀጠቀጣለች።

«ጅረቱ መንገዱን አልረሳማ! ተመልከቺ፣ በመስመሩ እኮ ነው የመጣው። በዚህ ገብቶ በዚያ ይወጣል።»

«በዚያማ ግድግዳ ነው!»

«ይጠብቃል። ውኃ ታጋሽ ነው።»

እርጥቡን መጥረጊያ ወረወረችባቸው። ካርታውን አቅፈው ጎንበስ ሲሉ ጃንጥላቸውን መታው። እሷም ግን በኋላ ታረቀቻቸው። ለካ የእሷም የቅድመ አያቷ ቤት ካርታው ላይ ነበረ።

ባንክ ቤት አብሬያቸው ተሰልፌ አውቃለሁ። መሐል ላይ ሲደርሱ እግራቸውን ከፍ ከፍ እያደረጉ መራመድ ጀመሩ። «ባቄላ ነው፤ እንዳትረግጪ» አሉኝ። ዘበኛው የታመሙ መስሎት ወንበር አመጣላቸው። እሳቸውም ወንበሩን ጥቂት ሳብ አድርገው፣ ከማሳው ዳር መሆናቸውን ሲያረጋግጡ ተቀመጡ።

ባለቤታቸው ነገሩን ባጭሩ ይቋጩታል፤ «እሱ የደረቀ ምንጭ ያገኛል፤ የስኳሩን ቆርቆሮ ግን አያገኝም።»

እንግዲህ የእናቴን ደጃፍ የሚፈልጉልኝ እኚህ ሰው ናቸው። እህቴ የምትመጣበት ሳምንት ሲደርስ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ በራቸውን ቆረቆርኩ።

«አንቺ ልጅ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» አሉኝ፣ ነገሩን እንደምንም ተንተባትቤ ከጨረስኩ በኋላ። «ሰፈሩ ሁሉ የአያት የቅድመ አያቱን ቤት ሲያፈላልግ፣ አንቺ ብቻ ዝም!»

«እንዳላስቸግርዎ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፤ አያትን ሲነኩ ሁልጊዜ ይታጠባሉ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ማጉያ መነጽራቸውን አነሡ።

«ምልክት ስጪኝ።»

«ከምንጩ በላይ፣ ከትልቁ ቋጥኝ በታች።»

«ምንጩ ይኸውና። ቋጥኙ ይኸውና። እንግዲህ የአባትሽ ቤት…»

ማጉያው ከምንጩ ወደ ቋጥኙ ሄደ፣ ከቋጥኙ ወደ ምንጩ ተመለሰ። አንገቴን ባሰግግ በክንዳቸው ከለሉብኝ።

«ሌላ ምልክት የለሽም?»

«ደጃፉ ላይ ትልቅ ዛፍ ነበር። ቤቱን ከነጣሪያው ይሸፍነዋል። እናቴ “ቤታችን ጃንጥላ ይዟል” ትል ነበር።»

«ጃንጥላ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ካርታውን አጠፉት። «ብርሃኑ አይበቃም። ነገ ተመለሺ።»

ቀትር ነው። ፀሐይዋ ጠረጴዛው ላይ ተዘርፍጣለች። ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ ብለው «የምን ብርሃን ነው የምትፈልገው? ዓይንህን ልታወጣው እኮ ነው!» አሏቸው።

«የካርታ ብርሃን ሌላ ነው» አሉ ጋሽ ካርታ።

በማግስቱ ስሄድ መጋረጃው ተጋርዶ ቤቱ ድንግዝግዝ ብሏል። «ፀሐይ ቀለሙን ታነጣዋለች» አሉኝ። ባለቤታቸው «ትናንት አነሰው፣ ዛሬ በዛበት» ብለው ወጡ። ጋሽ ካርታ አያትን ግማሹን ብቻ ገልጠው ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይኸውልሽ! የአባትሽ ቤት። ካርታ አይዋሽም።»

ከጥፍራቸው ጫፍ ሥር አንዲት ነጥብ አለች። ከሰሊጥ ታንሳለች። እንባዬ አቀረረና ሁለት ሆና ታየችኝ፤ ለአፍታ ሁለት ቤት የነበረን መሰለኝ።

«ይበቃል፣ ካርታ ላይ አይለቀስም» አሉና ክር ጠየቁኝ። ዕድሜዬን ሁሉ የትራስና የአንሶላ ጥልፍ ስጠልፍ ስለኖርኩ፣ ክርና መርፌ ከቦርሳዬ አይለይም። ክሩን ከምንጩ ጀምረው በጅረቱ ጠመዝማዛ ላይ እያስተኙ እስከ ነጥቧ ለኩ፣ ጫፉን በጥፍራቸው ያዙ፤ ከዚያ መንገዱን በአእምሯቸው ሄዱበት። «ደርሰናል» አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው። «እህትሽን አምጪያት።»

እህቴ መጣች። ከዘራዋን ይዛ፣ አዲስ ጫማ አድርጋ፣ ከአውቶቡስ ሳትወርድ ጀምሮ እያዘዘች። ጋሽ ካርታን ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው።

«እርስዎ ነዎት ካርታው?»

«እኔ የካርታው ሾፌር ነኝ፣ እመቤቴ።»

ጉዞ ጀመርን። እሳቸው ፊት ፊት በጃንጥላቸው እየጠቆሙ፣ እህቴ ከኋላ በከዘራዋ እየጠቆመች፣ እኔ በመሐል ሰው አየን አላየን እያልኩ።

«አሁን የሽምብራ ማሳ ውስጥ ነን» አሉ ጋሽ ካርታ፣ የሞባይል ጥገና ሱቆቹ ፊት ስንደርስ። እህቴ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች። ዘወር ብዬ አየኋት፤ አልቀለደችም። ሁለቱ በማሳ ውስጥ ይሄዳሉ፣ በአስፋልት የምሄደው እኔ ብቻ ነኝ።

«እዚህ ጋ አጥር ነበር» አለች።

«አጥር ካርታ ላይ አይሠራም።»

«ቀሚሴን የቀደደውን አጥር ካልሠራ፣ ካርታዎ ምን ይሠራል?»

«አውሮፕላኑ የቀሚስ ነገር አያውቅም፣ እመቤቴ።»

«አብራሪው ወንድ ነበራ!»

እንዲህ ሲሟገቱ ቧንቧ ውስጥ የገባውን ጅረት ተሻገርን። የሌለው ወፍጮ ቤት ጋ ወደ ግራ ታጠፍን። ጋሽ ካርታ ጥቂት ሄዱ፣ ቆሙ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ፣ ጃንጥላቸውን መሬት ተከሉ።

«ይኸውላችሁ።»

ፍራሽ ቤት ነው። በላስቲክ የተጠቀለለ ፍራሽ እስከ ጣሪያው ተቆልሏል። መሐል ላይ ለናሙና የተዘረጋ አንድ ትልቅ አልጋ አለ። መስታወቱ ላይ «ሲተኙ ቤትዎ ያሉ ያህል!» የሚል ተለጥፏል።

እህቴ ዝም አለች። እህቴ ዝም ስትል ሳያት ያ የመጀመሪያዬ ነው። በዚያ ጉልበት፣ ያን ሁሉ መንገድ፣ ለፍራሽ ቤት! «እትዬ…» ልላት አፌን ስከፍት፣ ወደ በሩ ተራመደችና ጎንበስ ብላ ገባች። በሩ ትከሻዋ ላይ ሌላ ሰው ቢቆም እንኳ የሚያሳልፍ ረጅም የመስታወት በር ነው። የእናቴ በር ግን ዝቅ ያለ ነበር። እኔም ስከተላት ሳላውቀው ጎንበስ አልኩ።

«ምድጃው እዚህ» አለች በከዘራዋ ወለሉን መታ እያደረገች። «እንስራው እዚያ። አባባ የሚቀመጥበት መደብ ይኼው። አንተ ልጅ፣ ይኼን ክምር ከዚህ አንሣው፤ በር ላይ ይኼ ሁሉ ፍራሽ ይከመራል?»

ባለ ሱቁ ጺሙን ያሳደገ ጎልማሳ ነው። ግን ሳያስበው ሁለት ፍራሽ አነሣ።

«እማማ፣ የትኛውን መጠን ፈልገው ነው?» አላት እንደታቀፈ።

«የተወለድኩበትን።»

«እ?»

«የእናቴ አልጋ እዚህ ነበር።» ጫማዋን አወለቀች፣ ከዘራዋን ለጋሽ ካርታ አስያዘች፣ ለናሙና የተዘረጋው አልጋ ላይ ወጥታ በጎኗ ተኛች። «ጃንጥላው በላያችን፣ ምንጩ ከግርጌያችን…» ስትል ሰማኋት። ከዚያ አንኮራፋች።

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ባለ ሱቁ ፍራሾቹን እንዳቀፈ እኔን ያያል፣ ጋሽ ካርታን ያያል። «ትንሽ ይተዋት፣ ወንድሜ» አልኩት፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። በዚህ መሐል ባልና ሚስት ፍራሽ ሊገዙ ገቡ። ሚስትየዋ ቆማ የእህቴን ማንኮራፋት ለአፍታ አዳመጠች፣ ከዚያ ባሏን በክርኗ ጎሸም አድርጋ «እማማ የተኙበትን ዓይነት» አለች። እነሱ ሳይወጡ ሌላ ሰው ገባ። እሱም ያንኑ ዓይነት ጠየቀ። ባለ ሱቁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እማማ ነገም ይመጣሉ?» አለኝ።

ጋሽ ካርታ በሩ ላይ ቆመዋል። አንድ እጃቸው የእህቴን ከዘራ ይዟል፣ በሌላው አያትን ደረታቸው ላይ ዘርግተው ይዘዋል። የከሰዓት ፀሐይ ከጎን ይመታቸዋል። አፍንጫቸውን ለመጥረግ መሐረብ ሲፈልጉ አውራ ጣታቸው ከነጥቧ ላይ ተነሣ።

ጥቁር ክርና ጠቆር ያለ ሰማያዊ ክር በአንድ እይታ ለይቼ መርፌ የማጎርስ ሰው ነኝ። የአባቴ ቤት ሰማያዊ ነው። በእስክሪብቶ ነው የተሠራው፤ ጫፉ ትንሽ ተንሸራቶ ጅራት የምታህል ነገር እንኳ አበጅቷል። ከምንጩ በላይ፣ ከቋጥኙ በታች፣ አውሮፕላኑ ዛፍ እንጂ ቤት ያላየበት ቦታ።

ዓይኔ አንዴ ሰማያዊውን ከለመደ በኋላ ሌላው ተከታትሎ መጣ። ከድልድዩ አጠገብ፣ ልብስ ሰፊው የአያቴ ቤት የሚለው፣ ሰማያዊ። ከጅረቱ ማዶ የፀጉር ሠሪዋ ቅድመ አያት፣ ሰማያዊ። እዚያ ዳገቱ ወገብ ላይ አንድ፣ ከማሳው ጥግ ሦስት ተጠጋግተው። የነማን እንደሆኑ እንጃ፤ የጠየቀ ሁሉ አግኝቷል ማለት ነው። በጥቁሩ መንደር መሐል ማንም ሳያውቀው አንድ ሰማያዊ መንደር ተመሥርቷል። በራሳቸው ሕግ ከሄድን ሰማያዊ ውኃ ነው፤ ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ወላጅ ዘመድ በሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ነው የኖረው። ለአንድ እርሳስ ብለው ሚስታቸውን አልጋ ላይ ያስወጡት ሰው ናቸው እንግዲህ!

ጋሽ ካርታ ማየቴን አዩ። አውራ ጣታቸው ተመልሶ ነጥቧ ላይ አረፈ።

«ልክ ነው አይደል?» አሉኝ። ድምፃቸው የባላባት አልነበረም።

አልጋው ላይ እህቴ ታንኮራፋለች። ፊቷ የልጅ ፊት ሆኗል።

«ልክ ነው፣ ጋሼ» አልኩ። «ካርታ አይዋሽም።»

እህቴ ጉልበቷን ታክማ አገሯ ገባች። በየሳምንቱ ትደውላለች። የእናቷን ቤት እንዳገኘች፣ በሩ ላይ የተከመረውን ግን ካላነሡ ተመልሳ እንደምትመጣ ለመንደሯ ሁሉ ነግራለች። ለባለ ሱቁ ብነግረው «አላነሣም፤ ይምጡልኝ!» አለኝ። ቦታው በእርግጥ እሱ ይሁን ወይም ቀጥሎ ያለው የቀለም መሸጫ፣ ዛሬም አላውቅም። ሳልፍ ግን ጎንበስ እላለሁ።

ባለፈው ሰሞን አንድ ጡረተኛ መምህር የጋሽ ካርታን በር ሲያንኳኩ አየሁ። የአጎታቸው ቤት ከከብት መንገዱ በላይ እንደነበረ እየነገሯቸው ነው። ጋሽ ካርታ በመስኮቱ ወደ ሰማይ አየት አድርገው «ብርሃኑ አይበቃም፤ ነገ ይመለሱ» ሲሉ ሰማሁ።

ሱቅ ሄጄ አንድ እስክሪብቶ ገዛሁ። ጫፉ ቀጭን፣ የማይንሸራተት፣ ሰማያዊ። መምህሩ ከሄዱ በኋላ በራቸውን ቆረቆርኩ።

«ምንድነው ይኼ?»

«እንዲያው… ለሚጽፉት ነገር፣ ጋሼ።»

እስክሪብቶውን አገላብጠው አዩት። ክዳኑን ከፈቱ፣ መዳፋቸው ላይ ሞከሩት። አንዲት ትንሽ ነጥብ። ከጓዳ በኩል ባለቤታቸው እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጥቁር አልነበረውም?»

«ነበረው» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ። «ግን ሰማያዊ ይሻላል፣ ጋሼ። ለምደነዋል።»